አሻፈረኝ ዝም ያለች ቀን

ከቁልፍ መቅረጫዬ ጎን ያለው የጫማ ሱቅ የወንድምና የእህት ነው። በመሀላችን ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ባልፈልግም እሰማለሁ። ወንድሟ ጫማ ይሠራል። እሷ ቆዳውን ትሰፋለች፤ ከስፌቱ የከበደውንም ሥራ የምትሠራው እሷ ናት፦ እምቢ ትላለች። ሰፈሩ ስሟን ትቶ «አሻፈረኝ» ይላታል።

ወንድምየው እጁ ይባረክ፣ የሱን ጫማ ያደረገ ሰው ሌላ አያምረውም። ግን አንዱ መጥቶ «ወይ ጥበብ!» ካለው አለቀ፤ የለበሰውን ሱሪ አውልቆ ይሰጣል። ስንቱ መጥቷል መሰላችሁ! አንዱ «በነፃ ስጠኝ፣ ስምህን በየድግሱ አስጠራልሃለሁ» ይላል። ሌላው «ፋብሪካ አለኝ፣ ሽርክና እንግባ» ይላል። እሷ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «አድናቆቱ ይቆየንና መጀመሪያ አንድ ጥንድ ግዛ» ትላለች። አንዴማ ያንን «ፋብሪካ» በዓይኔ ልየው ብላ በሁለት አውቶቡስ ሄዳ የመኪና ማጠቢያ አግኝታ ተመለሰች። እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ» አለችና ወደ ስፌቷ። አመሰግናለሁ ያላት የለም። መጪው ሁሉ ለሱ ይስቃል፣ እሷን ይገላምጣል።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ አንድ ሰውዬ መጣ። «ትልቅ ድርጅት ነን፤ ጫማህን በየከተማው እናደርሰዋለን። ፎርማዎቹን ብቻ ለጥቂት ቀን አውሰን፣ ባለሙያዎቻችን ይዩአቸው» አለ። ፎርማ ማለት ጫማው የሚወጠርበት፣ በእግር ቅርጽ የተጠረበ እንጨት ነው። ወንድምየው አንድ በአንድ በእጁ ጠርቦ ዕድሜውን የጨረሰባቸው ናቸው፤ እነሱ ከሄዱ ሱቁም ሄደ ማለት ነው።

«ከዚህ በፊት ከማን ጋር ሠራችሁ? እስቲ ወስደህ አገናኘኝ» አለችው። ሰውዬው ሳቅ ብሎ «ተመካከሩበት፣ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ያኔ ወንድምየው ጮኸ። «እድሌን የዘጋሽው አንቺ ነሽ! ሰው ሁሉ ሲያልፍለት እኔ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የቀረሁት በአንቺ ምላስ ነው!» እንዲህ አላት፣ ያውም ጫማ የምትለካ ደንበኛ ቆማ እያየች። የምሞርደውን ቁልፍ አስቀመጥኩ። ሄጄ «አንተ፣ ታላቅህ እኮ ናት!» ልለው ነበር፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው ብዬ ዋጥኩት። እሷ አልጮኸችም። «እሺ። ከዛሬ ጀምሮ አፌን ዘግቻለሁ» ብቻ አለች።

ሰውዬው እንዳለው ተመለሰ። በሱቄ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ወንድምየው አንድ ፎርማ ያነሣና እህቱን ያያል፤ ሌላ ያነሣና ደግሞ ያያታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ሁሉም ተጭኖ ሄደ።

ሰውዬው ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ። ስልኩ አይነሣም። ከአደባባዩ ማዶ ባለው ትልቅ መደብር መስኮት ግን ጫማው ተደርድሯል፤ አፍንጫው የሱ፣ ተረከዙ የሱ፣ የእህቱ ስፌት በነበረበት ቦታ ብቻ ሙጫ። ወንድምየው ያንን አይቶ መጣና ወንበሩ ላይ ዝፍዝፍ አለ።

«እታለም፣ አይሽ እኮ ነበር» አላት። «አንቺ ዝም ካልሽ እውነተኛ ሰው ነው ብዬ ነው የሰጠሁት።»

መርፌዋን አስቀመጠች። «ደክሞኝ ነበር፣ ወንድሜ» አለች። «ደክሞኝ እኮ ነው።»

አንጀቴን በላችው። 

አሁን እንጨት ገዝቶ ፎርማውን ከሀ ብሎ ይጠርባል። ትናንት ከሰዓት አንዲት ዘናጭ ወጣት ገብታ «ኧረ ጥበብ! አንድ ጥንድ በነፃ ብትሠራልኝ ለጓደኞቼ ሁሉ አስተዋውቅልሃለሁ» አለችው። እሱ እንደ ልማዱ ወደ እህቱ ዞረ። እሷ የቆዳው ክምር ላይ ጭንቅላቷን ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል፤ በሥራ ሰዓት ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ትንሽ ተንተባተበ። ከዚያ ወደ ወጣቷ ዞሮ «አይሆንም እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ግዢ» አላት።

እህትየው ዕድሜዋን ሙሉ ከአፉ የጠበቀችውን ቃል አልሰማችም። ልቀስቅሳት ብዬ ተነሣሁ፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ትተኛ።