የተገለበጠው ሠንጠረዥ

እኅትማማቾቹ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ የነርሲንግ ክፍል ሊመረቁ ነበር። ታላቅየዋ አሥራ አንድ ዓመት ሕመምተኛ ስታነሣና ስታገላብጥ የኖረች ነርስ ናት፤ ለዲግሪዋ የምትማረው ከሥራ መልስ ነው። ቤተሰቡ ሚጢ የሚላት ታናሽየዋ ግን ከመጽሐፍ በቀር ሸክም የማታውቅ የቀን ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሁለቱም መጀመሪያ የቀደሙ ጥናቶችን አንብበው ዳሰሳ መጻፍ ነበረባቸው፤ አማካሪያቸውም አንድ ነው።

ነርሷን መጀመሪያ ያስከፋት ርእሱ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ ካልተገላበጠ ጀርባው እንዴት እንደሚቆስል ለሚጢ አወጋቻት። በሳምንቱ ሚጢ ያንኑ ርእስ አስመዘገበች። ነርሷም «ይሁን፣ ልጅ ናት» ብላ ዋጥ አደረገችውና እሷ የቁስል አስተጣጠብን ያዘች።

አማካሪው ረቂቋን ሲመልስላት ግን የዋጠችው ሁሉ ተናነቃት።

«ይሄ የስም ጥሪ ነው» አላት። «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲያ አለች። አከራክሪያቸው እንጂ! ማን ከማን ይጣላል? ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ የቱ ነው? የእኅትሽን አላየሽም? ውሰጂና ተማሪበት።»

ሰው አንሥታ የማታውቅ ልጅ፣ ስለ ማንሣት እሷን ልታስተምር! መንገዱን ሁሉ ብቻዋን ስታጉተመትም ቤት ደረሰች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሚጢ ወረቀቷን አንጠልጥላ መጣች።

«እታለም፣ በሞቴ፣ አንዴ እይልኝ። ሠንጠረዦቹን ገና ትናንት ማስገባቴ ነው፤ ሰኞ አስረክባለሁ። ያንቺ ዐይን ቁንጫ አያሳልፍም።»

ነርሷ አነበበች። ክፋቱ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነበር። ጥናቶቹ እንደ ሽማግሌዎች ይከራከራሉ፤ አንዱ ያነሣውን ሌላው ይጥላል፣ ልጅቷ መሐል ገብታ ትዳኛለች። ነርሷ ገጽ በገለጠች ቁጥር ስሕተት ትፈልጋለች። ሦስተኛው ሠንጠረዥ ላይ ስትደርስ ዐይኗ ቆመ። ሁለቱ ዐምዶች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ በሠንጠረዡ መሠረት ይበልጥ የቆሰሉት ቶሎ ቶሎ የተገላበጡት ሆነዋል። የተኛ ሰው ነክቶ የሚያውቅ ሁሉ ይስቅበታል።

እስክሪብቶ አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ደኅና ነው» አለች።

«ደኅና ብቻ?»

«ታዲያ እልል ልበልልሽ?»

ሚጢ ስቃ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ነርሷ እንደ እንጨት ደርቃ ታቀፈች።

ጽሑፉ ለፈታኞች በቀረበ ዕለት ነርሷ ከነነጭ ጋዋኗ መጥታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ሚጢ አንደበቷ ተፍታቶ ስትናገር ከቆየች በኋላ፣ ከፈታኞቹ አንዷ መነጽሯን ከፍ አደረገች።

«ሦስተኛው ሠንጠረዥ እውነት ከሆነማ፣ የኔ ልጅ፣ ሕመምተኛውን ባንነካው ይሻላላ?»

አዳራሹ ሳቀ። ሚጢ ገጹን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ። ነርሷን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አላት።

«ሰው አላነበበልሽም?» አለች ፈታኟ።

«እኅቴ አንብባልኛለች፤ ግን ከሥራ ደክማ መጥታ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነርሷ ቀድማ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«አልደከመኝም ነበር። ሠንጠረዡን ያኔውኑ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቀናሁብሽ።»

ሚጢ የምትቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ወረቀቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን ወረደች።

ፈታኞቹ እርማት እንድታስገባ አንድ ሳምንት ሰጧት። እናታቸው «ምን ሆናችሁ እናንተ?» ብትል፣ ሚጢ «ፈተና ነው፣ እማ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለችም። ለነርሷ ይህ ከስድብ የባሰ ነበር። የሚያናግራት ስታጣ የራሷን ረቂቅ ከሥሩ ነቅላ እንደገና መጻፍ ያዘች፤ በኋላም አለፈችበት።

በሳምንቱ መጨረሻ ከሥራ ስትመለስ፣ ሳሎን ውስጥ የሚጢ የክፍል ጓደኛ የታረመውን ጽሑፍ መስመር በመስመር በእርሳስ እየተከተለች ታነባለች። ሚጢ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ አብራ ታያለች።

«እኔም ልየው እንዴ?» አለች ነርሷ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«ተነብቦልኛል፣ እታለም። አመሰግናለሁ።»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለእንግዳ የሚሰጥ ትሕትና ነበረው። ጓደኛዋ አንድ የተሳሳተ ቃል አገኘችና አከበበችው። ሚጢ «ጎበዝ!» ብላ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ነርሷ በዚያች እርሳስ በያዘች ልጅ ቀናች፤ በዕድሜዋ እንዲያ ቀንታ አታውቅም።