ማጣሪያውን ነድቶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው

ዶይል ክሬንሾ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርገውን ነገር በፓይን ሆሎው የመኪና መሮጫ ሜዳ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መኪናውን በተሳቢ ጎትቶ ይመጣል። ብቻውን ያወርዳል፤ ብቻውን ጎማ ይነፋል፤ ማጣሪያውን ይነዳል፤ ደህና ሰዓት ያስመዘግባል። ከዚያ ዋናው ውድድር ሳይጀመር መኪናውን መልሶ ይጭንና ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንግዲህ ይሄን ምን ይሉታል? ሠርግ ቤት ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ምግቡ ሲቀርብ ብድግ ብሎ እንደሚወጣ ሰው ነው።

እንዲህ የሆነው ሚስቱ ቨርና ከሞተች ወዲህ ነው። ቨርና ጠቋሚውም ነበረች። በእነዚህ መኪኖች ሾፌሩ ከፊቱ ሌላ አያይም፤ ሄልሜቱና የመቀመጫው ክንፍ ግራና ቀኙን ጋርደውታል። ስለዚህ ከተመልካቹ መቀመጫ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ሰው ይቆምና በሬዲዮ «ግራህ ላይ አለ፣ ቆይ፣ አሁን ግባ» እያለ ይመራዋል። ጠቋሚ የሌለው መኪና ውድድር ውስጥ አይገባም፤ ደንቡ ነው። በማጣሪያው ግን ሁሉም በየተራው ብቻውን ወጥቶ ሁለት ዙር ይነዳል፤ ከሁለቱ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል። ሜዳው ላይ ሌላ መኪና ስለሌለ የሚጠቆም ነገር የለም። ለዶይል የተመቸው ይኸው ነበር።

ወዳጅ አልነበረውም እንዳይባል፣ ነበረው። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ የዶሮና የሩዝ ትሪ እየያዘ ተመላልሷል። እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ትሪውን ይቀበላል፣ ያመሰግናል፣ ይዘጋል። ሁለት ሦስቱ «እኛ እንጠቁምልህ» ብለውት ነበር። «አሁን አይደለም» አላቸው። ሰው ደግሞ ሰው ነው፤ ሁለቴ ከተገፋ ሦስተኛ አይመለስም። እነሱም ሌላ ሾፌር ያዙ፤ እሱም ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከሱቅ ገንዘብ ተቀባይዋ በቀር ከማንም ጋር ሳይነጋገር መዋል ለመደ።

የዚያን ዓመት መጨረሻ ቅዳሜ ግን ሌላ ቀን ነበር። ሜዳው ተሸጧል፤ በሚቀጥለው ዓመት መጋዘን ሊሠራበት ነው። ዶይል ጠጉሩ ከጥቁር ወደ ነጭ የተለወጠው እዚያ አስፋልት ላይ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚነዳበት ሌላ ቦታ የለውም፣ ዕድሜውም አይፈቅድለትም። ሳምንቱን ሙሉ መኪናው ሥር ተጋድሞ ሲያስብ ቆየና ቆረጠ። ይሄኛውን ውድድር እስከ መጨረሻው ይነዳል። ጉድ የሚያሰኘው ግን ይህን ለማንም አለመናገሩና ጠቋሚም አለመፈለጉ ነው። «መጀመሪያ ልለፍ፣ ከዚያ አየዋለሁ» ብሎ ተወው። ሰው መለመን የከበደው ሰው ሁልጊዜ የሚለው እንዲህ ነው።

ለማጣሪያው ማን ቀድሞ እንደሚወጣ የሚለየው በዕጣ ነው። ሚስ ጄኒቫ፣ የሜዳው መዝጋቢ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ያሉበትን ጣሳ አቀረበችለት። ሦስት ወጣለት።

«አይ ዶይል፣ ሐሩሩ ላይ ወደቅክ» አለችው። ፀሐይዋ ከሜዳው ማዶ ወዳሉት ጥዶች ስትጠጋ አስፋልቱ ስለሚቀዘቅዝ ጎማ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ዕድለኛ የሚባለው ኋላ የሚወጣው ነው። «ቢሆንም ላንተ ይሻልሃል። ቶሎ ጭነህ ትሄዳለህ።»

«ዛሬ አልሄድም» ሊላት አፉ ድረስ መጥቶ ነበር። «አመሰግናለሁ ሚስ ጄኒቫ» ብሎ አለፈ።

በመጀመሪያው ዙር ጎማዎቹን አሞቀ። በሁለተኛው፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ ወጣቶቹ ነዳጁን ረግጠው ሲገቡ እሱ ቀደም ብሎ እግሩን አነሳ፤ የጋለ አስፋልት ላይ ጀግንነት ሜዳውን ወደከበበው ግንብ ነው የሚወስደው። መኪናው ሳይንሸራተት ዞረለት። ሁሉም ነድተው ሲያበቁ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት የወጡት ሦስቱ ብቻ በለጡት። አራተኛ ማለት ሁለተኛው ረድፍ ላይ በግንቡ በኩል መነሳት ነው። ቨርና ብትኖር ኖሮ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በደስታ ትስቅለት ነበር።

በሰልፉ የሚቆመው ሃያ አራት መኪና ብቻ ነው። ሃያ አምስተኛው ተጠባባቂ ይባላል፤ ከፊት አንዱ ጥሎ ከወጣ ሁሉም አንድ ቦታ ይጠጋሉ፣ እሱም በጭራው ይገባል። ያን ዓመት ሙሉ ሃያ አምስተኛ የሚሆነው ላይል ፔትስ ነበር። ላይል መኪናው ቀርፋፋ ነው፣ አፉ ግን ፈጣን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዶይል አጠገብ ያቆምና ሞተሩን እያሞቀ የዶይል ተሳቢ እስኪከፈት ይጠብቃል። በዶይል ሐዘን ነበር የሚወዳደረው ማለት ይቻላል። ዶይልም ይህን ያውቅ ነበር፤ ቅር ብሎትም አያውቅም።

«ምነው ዘገየህ ወንድሜ?» አለው ላይል፣ ጓንቱን እያጠለቀ። «ልጫንልህ?»

«አልጭንም።»

«እንዴት አትጭንም?»

«ዛሬ እሮጣለሁ።»

ላይል ጓንቱን መልሶ አወለቀ። «ዓመቱን ሙሉ ትተህ ትተህ፣ ዛሬ? እናቴን ይዣት የመጣሁ ቀን?»

ዶይል ይህን አላወቀም ነበር። ዞር ብሎ አየ። ከአራተኛው ኩርባ መውጫ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ።

«እሺ፣ ጠቋሚህ ማነው?» አለ ላይል።

ዶይል ዙሪያውን ቃኘ። ሬዲዮ የያዘ ሁሉ የአንዱ መኪና ሰው ነው፤ የላይልም ጠቋሚ ገና ጀማሪ ልጅ ነው። እሱ ከሮጠ እዚያ ሜዳ ላይ ሥራ ፈት የሚሆነው፣ ጠቋሚነትንም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ዶይል ራሱ ከሰልፍ የሚያስቀረው ላይል ነው። ይህን ሲያስበው ፊቱ ጋለ። እጁን ወደ ተሳቢው መቆለፊያ ሰደደ። ጭኖ ቢሄድ ማንም ምንም አይለውም፤ ላይልም እናቱ ፊት ይነዳል፤ እሱም ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይቀመጣል። ቤቱ ትዝ ሲለው እጁን መለሰ።

በድምፅ ማጉያው ተሰለፉ ተባለ።

«ላይል፣ አንተ ጠቁምልኝ።»

ላይል ሳቀ፣ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም። «ቦታዬን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ ዓይንህንም አምጣ ትለኛለህ?»

«ቦታው ያንተ አይደለም» ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። ዶይል ግን መሬት መሬቱን እያየ «ሌላ ሰው የለኝም» አለ።

ይህን ቃል ቨርና ከሞተች ጀምሮ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ላይል የሚያኝከውን ትንባሆ ተፋና ለአፍታ አየው። ምላሱ ክፉ ይምሰል እንጂ ልቡ ክፉ አልነበረም።

«ሰዓቱን ያመጣኸው አንተ ነህ» አለ በመጨረሻ። «ስጠኝ ሬዲዮውን። ስሰድብህ እንደምውል ግን ዕወቀው።»

አረንጓዴው የመነሻ ባንዲራ ወረደ። ሃያ አራት ሞተር በአንድ ጊዜ ጮኸ፤ ዶይል ጩኸቱ ራሱ ናፍቆት ኖሯል። «ግራህ ላይ አለ፣ አለ፣ መስመርህን ያዝ አንት ሽማግሌ፣ አለ… አለፈህ። እንቅልፍህን ጨርሰህ አትመጣም ነበር?» ይላል ላይል። ዶይል ሁለት ቦታ ተቀደመና አንዱን መለሰ። ላይል ጥሩ ጠቋሚ ነበር፤ ከሾፌርነቱ ይልቅ ይሄ ሳይሻለው አይቀርም።

ከዚያ ኋላ ያሉት ሁለት መኪኖች ተጋጩና ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ቢጫ ሲወጣ መቅደም የለም። ሜዳው እስኪጠረግ ሁሉም ተከታትሎ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ጠቋሚም የሚለው ስለሌለው ዝም ይላል። ላይልም ዝም አለ።

ዶይል ሲሸሸው የኖረው ይሄንን ነበር። መንዳቱን አልፈራም፤ ግጭቱንም አልፈራም። በቢጫ ጊዜ ቨርና ዝም አትልም ነበር። የጎረቤት ውሻ አበባዋን እንደቆፈረ፣ እሱ ጠዋት የጓሮውን በር ሳይዘጋ እንደወጣ፣ ታች የተቀመጠችው ሴትዮ ምን ዓይነት ባርኔጣ እንዳደረገች፣ ሁሉንም ጆሮው ውስጥ ታወራለች። በማጣሪያ ጊዜ ቢጫ የለም፤ ለዚህ ነው ማጣሪያውን የሚችለው። አሁን ሞተሩ እያጓራ ጆሮው ባዶ ሆነ። ናፈቀችው።

የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ። «ላይል፣ ዝም አትበል።»

«ምነው? ሞተሩ ሞቀ?»

«አይደለም። ዝም ብለህ አውራ።»

«ምን ላውራ?»

«ያሻህን።»

ሬዲዮው ጥቂት ተንኮሻኮሸ። «እማዬ ቆማ እያጨበጨበች ነው» አለ ላይል፣ ድምፁ ዝግ ብሎ።

«ለማን?»

«ላንተ። እኔን መስለሃታል። የኔም ያንተም መኪና ቀይ አይደል፤ ዓይኗ ቁጥር አይለይም። ወደዚህ ስወጣ በአጠገቧ ነው ያለፍኩት፤ አላወቀችኝም። ልነግራት ብዬ አላስቻለኝም። ሲያበቃ እነግራታለሁ።»

እዚያ ደረጃ ላይ ለዶይል ብሎ የሚቆም ሰው ካጣ ቆይቷል። እሳቸውም ለሱ አልቆሙም፤ ለልጃቸው ነው። ይህ አሳዘነው፣ ግን ደግሞ ማጨብጨባቸውን ትተው እንዲቀመጡ አልፈለገም።

አራተኛውን ኩርባ ሲወጣ መኪናውን ወደ ግንቡ አስጠጋ። ከፊቱ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ የአሮጊቷ ብርድ ልብስ ታየው። መሪውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጎ መኪናውን አወዛወዘና ሞተሩን አንዴ አስጮኸው።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ላይል። ከዚያ ወደ ደረጃው ተመለከተ። «አየችው። አጠገቧ ያለችውን ሴትዮ ክንዷን ይዛ እያሳየቻት ነው።»

«አትንገራት» አለ ዶይል።

«እህ?»

«ሲያበቃም አትንገራት።»

«እሺ» አለ ላይል። «አረንጓዴ ሊወጣ ነው፤ ተጠጋ።»

ዶይል ዓይኑን ሊጠርግ እጁን ቢያነሳ ሄልሜቱ ከለከለው፤ እንዳለ ተወውና ማርሹን አስገባ። የሰው እናት ናቸው፤ ቢሆንም ቆመዋል። እግሩን ነዳጁ ላይ ጫነ።