በመስታወቱ ላይ የታየው ማጭድ

ሰሞኑን ጤና ጣቢያ ለምርመራ ጣቴን ስወጋ፣ የአልኮሉ ሽታ ወደ ልጅነቴ ደብረ ታቦር መለሰኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። በግድ ለሰፈራ ወደ ቆላ የተወሰደው አባቴ አምልጦ መጥቶ፣ ጓዳችን ውስጥ ተደብቆ በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ እንዳይያዝባት ፈርታ ሁለት ሳምንት አቆየችው። መቃዠት ሲጀምር ግን በቃሬዛ ወደ ሕክምና ወሰድነው።

መርማሪው የደሙን ጠብታ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ሐምራዊ ቀለም አፍስሶ ካደረቀ በኋላ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ቆላ ወርደው ነበር?»

«ኧረ ዶክተር! ከጋፋት ወዲያ ተሻግሮ አያውቅም።»

«ዶክተርስ አይደለሁም፤ ደም ተመልካች ነኝ። ደማቸው ግን ሌላ ይላል።» ወደ እኔ ዞረ። «ነይ እስቲ፣ ምን ይታይሻል?»

«ቀለበት… ደግሞ ማጭድ።»

«ጎበዝ! ቀለበቱ ብቻ ቢሆን ወባው ገና ነው እል ነበር። ማጭዱ የሚመጣው ሰንብቶ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቴን፣ «አይፍሩ፤ ከየት እንደመጡ አልጽፍም። ምነው ቀደም ብለው ባመጧቸው!» አላት።

እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ «ጎበዝ» በመባሌ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። እናቴ ለለቀስተኛው ሁሉ «ምች መታው» አለች፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ቃሏን አላጠፈችም። ሰሞኑንም ነርሷ «አባትዎ በምን ሞቱ?» ብትለኝ፣ በመዝገብ ቤት የሥራ ዘመኔ የስንቱን ሰው የተሳሳተ መዝገብ ያረምሁ ሴት፣ «በምች» አልኋት።