የዓረብኛ ጽሕፈት ያለበት ጎራዴ

አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ግትር ሰው ነበሩ። ጣልያን መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ብሎ ካሳወጀ በኋላ እንኳ አባታቸው ከመተማው ጦርነት ማርከው ያመጡትን ጎራዴ አልሰጥም አሉ። ባሌ ዱር ገብቷል፤ ልደታ ላይ ከሽማግሌውና ከጎራዴው ጋር ተቆልፌ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያለ ይለፍ ወረቀት የትም አይኬድም። ፍተሻው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ጀምሮ በር በበር ይመጣል። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ሰሞን ከጣልያን ይልቅ እሳቸውን ነበር የጠላሁት።

"አባባ፣ ሽንት ቤት ልጣለው" አልኳቸው።

እሺ ሊሉኝ ጥቂት ሲቀራቸው ጎረቤታችን መጡ፤ ጌጃ ሰፈር ሱቅ ያላቸው፣ ቁርአን የተማሩ የስልጤ ሰው ናቸው። አማቴ ጎራዴውን አውጥተው አሳዩዋቸው። ስለቱ ላይ የዓረብኛ ጽሕፈት ነበረበት፤ እኛ ጌጥ መስሎን ኖረናል። እሳቸው ግን ውሃ አስመጥተው፣ እጃቸውን፣ ፊታቸውንና እግራቸውን ታጥበው ነው የነኩት። ከእጀታው ሥር ያለው ፊደል ወፍራም ነው፤ እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብሎ ቆሟል። "ይኼ ኩፊ የሚባለው የጥንቱ አጻጻፍ ነው፤ የፈጣሪ ስም ነው" አሉ። ወደ ጫፉ ያለው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይወርዳል። ሱሉስ ይሉታል። እሱን ለማንበብ ብዙ ቆዩ። አንጥረኛው ጎራዴውን ለሚይዘው ሰው ያደረገው ዱዓ ነው አሉን።

"ይኼን ሽንት ቤት ከጣልሽ እኔ ሁለተኛ እዚህ ግቢ አልገባም" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ክርስቲያንም ብሆን የእግዜር ስም የእግዜር ስም ነው። በእነሱ ወግ እንዲህ ያለ ጽሕፈት የሚቀበረው ንጹሕ መሬት፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ነው። "አለሽ ወይ?" ሲሉኝ አማቴ መሬት መሬት አዩ።

ነበረኝ። አጥሩ ጥግ፣ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ የሞተችው ልጄ የተቀበረችበት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልፈቀዱላትም ነበር። ሁለቱ ሽማግሎች ጎራዴውን ሊቀብሩ አፈሩን ከላይ ከላይ ሲያነሡ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሶላቶዎቹ በማግስቱ መጡ። ግቢውን በብረት ዘንግ እየወጉ ጥጉ ጋ ሲደርሱ መቃብሩ ላይ ወድቄ ልጄ ናት እያልኩ አለቀስኩ። አስተርጓሚው ነገራቸው። አንዱ ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ሄዱ።

ልቅሶዬ የእውነት ነበር፤ ለጎራዴ መሆኑ ግን አንገበገበኝ። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር እዚያው ሄጄ አለቅሳለሁ። በሌላው ቀን፣ ልጄ ስትናፍቀኝ፣ እዚያ ምን ትጠብቃለች ብሎ ሰው ይጠረጥራል ብዬ አልጠጋም። ጨቅላዋን ዘበኛ አደረግኋት።

ጣልያን በወጣ ሰሞን አማቴ አካፋ ይዘው ወደ ጥጉ ሄዱ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ።

"አባባ፣ እስከ ዛሬ ያለቀስኩት ለእርስዎ ነው" አልኳቸው። "አሁን እንኳ ለእሷ ላልቅስ።"

አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ወደ ቤት ገቡ። እኔ እዚያው ተቀመጥኩ።