ራሞን በምሽግ ውስጥ የነገረን የስፔን ገዢ

ያቺ ኮረብታ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። እኛ «ቀይዋ» እንላት ነበር። በኦጋዴን ግንባር ሻምበል ጦራችን «ያዙ፤ ሌላ ትእዛዝ እስኪደርሳችሁ እንዳትለቁ» ተብሎ ወጣባት። ስንወጣ መቶ አራት ነበርን።

ይህን የምጽፈው ለልጅ ልጄ ለሊያ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሆሎዌይ ወዳለው መኖሪያ ፍላቴ እየመጣች ታጠናለች። ባለፈው ጊዜ አሜሪካን ይገዙ ስለነበሩ የስፔን ሹማምንት ለዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ታዘጋጅ ነበር።

«አባባ፣ ጽሑፉን ሰኞ ሰብሚት አድርጌ ማስረከብ አለብኝ። ግን አንድም የሚያኮራ ሰው አጣሁባቸው» አለችኝ።

«አንዱን እኔ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎ? ከየት?»

«ከጦር ሜዳ» አልኳት።

የሻምበል ጦሩ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። አስመራ ስላደግሁ ጣሊያንኛ እችላለሁ። የኩባ መድፈኞች ዒላማ የሚጠቁምላቸውን ሰው እኛ ዘንድ ሲልኩ፣ አዛዣችን መቶ አለቃ ደሳለኝ «አንተ ከሱ አትለይ» አለኝ። ሰውየው ራሞን ይባላል፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። የሱ ስፓኒሽና የኔ ጣሊያንኛ መንገድ ላይ እየተገናኙ ተግባባን። ዛሬም ሰቨን ሲስተርስ ገበያ ከኮሎምቢያ ነጋዴዎች ጋር የማወራው በዚያው በምሽግ ቋንቋ ነው።

ከእኛ ጋር ሁለት እስረኞች ነበሩ፤ ታፈሰና ጉደታ። በቀደመው ማፈግፈግ ከክፍላቸው ተቆርጠው ሁለት ቀን ጠፍተው ነበር። በእግራቸው ተመልሰው መጡ። የጦሩ የፖለቲካ ካድሬ ግን «ከግንባር ሸሽተዋል» ብሎ ጻፈባቸው። ያ ጽሑፍ እንደሚያስረሽን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እስኪወሰዱ ድረስ መሣሪያ ተከልክለው ውሃና ጥይት ይሸከሙልን ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ የጠላት መድፍ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግራው መትረየስ ዝም አለ። ሄደን አየን። ሁለቱም ተኳሾች ሞተዋል።

ተኩሱ ጋብ ሲል ራሞን ወደ እስረኞቹ እያየ «እነዚህ ለምን መሣሪያ የላቸውም?» አለኝ። ነገርኩት። «ለአዛዥህ ተርጉምልኝ» ብሎ ታሪኩን ጀመረ።

በአገሩ አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ድሮ የሚገዛት ስፔናዊ ድሃ እግረኛ ወታደር ሆኖ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት አገልግሎ ተሾመ። የሸንኮራ እርሻ ያዘ፤ ባሪያም ገዛ። አንድ ቀን የእንግሊዝ መርከቦች መጡ። ወታደሮቹ ግማሾቹ በወባ አልቀው ነበር። ገዢው የራሱንና የሌሎች ባለ እርሻዎችን ባሪያዎች ሰብስቦ አስታጠቀና «ግንቡን ከያዛችሁ ነፃ ናችሁ» አላቸው። ያዙት። መርከቦቹ ድል ተነሥተው ሲሄዱ ባለ እርሻዎቹ መጥተው «በጭንቅ ጊዜ የተነገረ ቃል አያስርም፤ ሰዎቻችንን መልስ» አሉት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የነፃነት ወረቀታቸውን አንድ በአንድ በእጁ ጻፈ። ለንጉሡ ከሰሱት። ሹመቱን ተገፍፎ፣ አገሩ ተመልሶ፣ ሰው ሳይጠይቀው ሞተ።

«ከነዚያ ወረቀቶች አንዱ ከቅድመ አያቶቼ ለአንዱ የተጻፈ ነበር» አለ ራሞን። «ባሪያ ይገዛ እንደነበር እኛ ቤት አልተረሳም። ቃሉን መጠበቁም አልተረሳም።»

መቶ አለቃው ተነሥቶ እስረኞቹን ጠራቸው።

«መትረየሱን ያዙ። ኮረብታዋ ካልተለቀቀች ክሱን እኔ አሰርዛለሁ።»

ጉደታ «በቃልዎ?» አለ።

«በቃሌ።»

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የጠላት እግረኞች መጡብን። ደፋሮች ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም። ራሞን ቁጥር ይጠራል፣ እኔ በሬዲዮ አስተላልፋለሁ፣ መድፉ ከኋላችን ይመልሳል። ሦስት ጊዜ ወጡ። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። በሦስተኛው ታፈሰና ጉደታ ያሉበት የግራው ምሽግ ብቻውን ቀረ። ጉደታ ደረቱን ተመትቶ ወደቀ። ታፈሰ የጋለውን አፈሙዝ በባዶ እጁ ይዞ መትረየሱን አዞረው። መዳፉ ተላጠ። አልለቀቀም።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተተኪው ጦር ደረሰ። ካድሬውም ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ እስረኞቹን አስረክበኝ።»

«እስረኛ የለኝም። አንድ መትረየስ ተኳሽ አለኝ፤ ሌላውን ቀብሬዋለሁ።»

«ይህ ማኅደርህ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ» አለው። እዚያው የጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ታፈሰና ጉደታ በውጊያው ላደረጉት ምስክር መሆኑን ጻፈ፤ ፈረመበት። ካድሬው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ በሻምበል ጦሩ ሁሉ ፊት ታፈሰን ሊያስይዘው አልደፈረም። ራሞን አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ለመቶ አለቃው ሰላምታ ሰጠ።

መቶ አለቃ ደሳለኝ የሻምበልነት ማዕረግ ሳያገኝ ቀረ። እኩዮቹ ሲሾሙ እሱ ከግንባር ወደ ግንባር ተዛወረ። ሲያማርር የሰማ የለም። ታፈሰ በሕይወት ወደ እናቱ ተመለሰ።

ከመቶ አራታችን ሠላሳ ሰባቱ ቀይዋ ላይ ቀሩ። የሙታኑን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጉደታ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ፤ በመዝገብ ገና ተከሳሽ ነበርና። መቶ አለቃው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እንደሌሎቹ ጻፈው» አለኝ። «በውጊያ ላይ የወደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ብዙ የማልኮራበት ነገር አይቻለሁ። በዚያ ሻምበል ጦር ውስጥ በመቆጠሬ ግን ዛሬም እኮራለሁ።