ሁሉም ሰው ተከልክሏል

ሰመራ ውስጥ አንድ ኃላፊ ወደ መስክ ሲወጣ ሁለት ነገር አይረሳም፤ የሚጠጣውን ውሃና ማኅተሙ ያለበትን የመሳቢያ ቁልፍ። ባለጉዳይ በረንዳው ላይ ላቡን እየጠረገ "መቼ ይመለሳሉ?" ብሎ ሲጠይቅ ጸሐፊዋ ጣሪያውን ታያለች። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ቀለም አፍስሻለሁ። ሰው ቁልፍ ሲይዝ ለምን ከቁልፉ ጋር አንድ አካል እንደሚሆን፣ "አይቻልም" የሚለው ቃል ለምን እንደዚያ እንደሚጣፍጠው በሰፊው ጽፌያለሁ። ጽሑፎቼን እስከ መጨረሻው ከሚያነቡት ጥቂት ሰዎች አንዷ ባለቤቴ ናት። የደረሰብኝን ያባሰውም እሱ ነው።

እኔ ሰመራ እሠራለሁ፤ እሷ አዋሽ ታስተምራለች። ትዳራችን ለዓመታት የኖረው በአውቶቡስ መስኮት በኩል ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እሑድ ከምሳ በኋላ መልሼ እሳፈራለሁ። የቤታችን ኮምፒውተር ያለው አዋሽ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አሮጌ ነገር ሲሆን የቤቱ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ ወደ እሱ ዞሮ ይውላል። እኛ ሲሞቀን እናማርራለን፤ እሱ ሲሞቀው ዝም ብሎ ይጠፋል።

ከጊዜያት በፊት አልጋ ሥር ያስቀመጥነው ካርቶን ውስጥ ምስጥ ገብቶ የባለቤቴን የሥራ ልምድ ደብዳቤዎች ከዳር ዳር መብላት ጀመረ። የተረፈውን በፌስታል ሰብስበን ዋናው መንገድ ዳር ካለው ኮፒ ቤት ወሰድንና ስካን አስደረግን። ወረቀቶቹ ብዙም ሳይቆዩ ተበታተኑ። ዲግሪዋም፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችንም፣ ከሦስት ትምህርት ቤት የተሰጣት ደብዳቤም የቀረው ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ብቻ ነበር። ምስጥ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት ብዬ ኮራሁ። እውነትም ምስጥ አልደረሰበትም።

ችግሩን ያመጣው ፍላሽ ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች የፈተና ጥያቄ ለማስተየብ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ፍላሽ ይዘው፣ ፍላሹም ቫይረስ ይዞ። አንድ ቅዳሜ ስመጣ ከሰነዶቹ ፎልደር በቀር ፋይሎቼ በሙሉ ስማቸው ብቻ ቀርቶ አገኘኋቸው። ከዚያ በኋላ የተደረገው አብዮት ነው ማለት ይቻላል። እኔ አስተዳዳሪ ሆንኩ። ባለቤቴ የራሷ አካውንት ተሰጣት፤ ልትጽፍ፣ ልታነብ፣ ልታትም ትችላለች፤ አዲስ ነገር መጫንና ቅንብር መነካካት ግን አይፈቀድላትም። ይህን ሳስረዳት እጇን አጣጥፋ አዳመጠችኝና "ማመልከቻ በስንት ኮፒ ነው የማስገባው?" አለች።

ሰነዶቹ ያሉበትን ፎልደር ደግሞ ለብቻው ልቆልፈው ፈለግኩ። ገብቼ ሳየው የስም ዝርዝር አለ፤ በስሞቹ ፊት "ፍቀድ" እና "ከልክል" የሚሉ ሁለት ዓምዶች። በዝርዝሩ ውስጥ "ሁሉም ሰው" የሚል ነበር። ባለ ፍላሾቹን አሰብኩና "ሁሉም ሰው" በሚለው ላይ ከላይ እስከ ታች "ከልክል" የሚለውን ምልክት አደረግኩበት። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ጥራዝ መጽሐፍ ከነግርጌ ማስታወሻው የምጨርስ ሰው ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ሳላነብ "እሺ" አልኩና አውቶቡሴን ለመያዝ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በአንድ ሐሙስ ረፋድ ሰመራ ቢሮዬ ተቀምጬ ሳለ ባለቤቴ ደወለች።

"የዝውውር ምዝገባ ተከፍቷል። ሰመራ የእንግሊዝኛ መምህር ይፈልጋሉ።"

ለዓመታት የጠበቅነው ወሬ ነው። "ደግ ነዋ! ታዲያ አስገቢ" አልኳት።

"ሰነዱን ላወጣ ስል አይፈቀድልሽም አለኝ። አስተዳዳሪውን ጠይቂ ይላል። ይኸው እየጠየቅኩ ነው።"

"ቅዳሜ ስመጣ እከፍተዋለሁ።"

"ምዝገባው ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።"

ይህን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ቃል በሌላ ሰው አፍ ስንት ጊዜ እንዳላገጥኩበት አምላክ ያውቃል። "ለምን ቀደም ብለሽ አልመጣሽም?" አልኳት።

"ጸሐፊዎን ያገናኙኝ" አለች።

የይለፍ ቃሉን እንድነግራት ጠየቀችኝ። የይለፍ ቃል በስልክ አይነገርም፣ መርህ ነው አልኳት። መርሁ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር። ቢሮው ውስጥ አራት ሆነን ነው የምንቀመጠው፤ ቃሉም ጮክ ተብሎ የሚነገር አልነበረም።

ከጎኔ የሚቀመጠው የአፋር ተወላጅ ባልደረባዬ ስልኩን ስዘጋ ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ሆነህ ነው?" ሲለኝ ነገርኩት።

"በራስህ ቤት?" አለኝ።

"ለጥንቃቄ ነው።"

"እኛ ዘንድ ቤቱን የምትተክለው ሴቷ ናት፤ የምትነቅለውም እሷ። ወንዱ እንግዳ ነው ብትል ይቀላል። አንተ በሷ ላይ በር ስትዘጋ የት ልታድር አስበህ ነው?" ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። እኔ ስለ ባህል ልዩነት አንድ ጥሩ ዐረፍተ ነገር ጀምሬ ሳልጨርሰው ቀረሁ።

ዓርብ ጠዋት መርሁ ተሸነፈ። ደወልኩላትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ "'እኔብቻ' ብለሽ ጻፊ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይለያይ" አልኳት።

"ምን ብቻ? አይሰማም፤ ጮክ በል።"

"እኔ! እኔ ብቻ!"

ባልደረባዬ ወረቀት ላይ የሆነ ነገር እንደሚጽፍ ሰው አጎነበሰ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"መጨረሻው ላይ ቁጥር አለው?" አለች ባለቤቴ።

"አንድ።"

"እንዴ፣ ሌላ ምን ሊሆን!" አለች።

በእኔ ስም ገባች። ፎልደሩን ነካችው። "አይፈቀድልህም ይላል" አለች። "ልህ ነው የሚለው። አንተን ነው።"

እንደገና አስሞከርኳት፤ አስጠፍቼ አስበራኋት። ያው ነው። እዚህ ተጫኚ፣ እዚያ ግቢ እያልኩ ሳለሁ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ከኃላፊዎቹ ሁሉ የባስኩ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። እነሱ ቢያንስ ሲመለሱ መሳቢያውን ይከፍታሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከእሷ ነው። የኮምፒውተሩን ሳጥን ከገመዱ ነቅላ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በባጃጅ ወደ ኮፒ ቤቱ ወሰደችው። ባለ ኮፒ ቤቱ የወሎ ሰው ነው፤ ስትደርስ ሱቁን ቆልፎ ለጁምዓ ሄዷል። በረንዳው ላይ ሳጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ጠበቀችው። ሲመለስ ከሩቅ አያትና "ቲቸር፣ ምነው? ታመመ እንዴ?" አለ።

"ባለቤቱ ነው ያመመው" አለች። "ያን ጊዜ ስካን ያደረግክልን አንተ ጋ የለም?"

"ወላሂ የለም። የሰው ሰነድ አማና ነው፤ እንደሰጠሁ አጠፋለሁ። አብሽሪ፣ እናየዋለን።"

በእኔ አካውንት ገብቶ የስም ዝርዝሩን ከፈተው። ጥቂት አየና መሳቅ ጀመረ። "ቲቸር፣ ጋሼ ሁሉንም ሰው ከልክለዋል።"

"እሱማ እኛን ነው።"

"የለም፤ ራሳቸውንም። ሁሉም ሰው ማለት እኮ እሳቸውም አሉበት። ክልከላ ደግሞ ከፈቃድ ይበልጣል፤ አስተዳዳሪ ነኝ ቢሉ አይሰማቸውም። ደግነቱ ፎልደሩ በስማቸው ስለሆነ ምልክቱን ማንሳት ይቻላል።" አነሳው። ፎልደሩ ተከፈተ። እኔ ሦስት ሳምንት የዘጋሁትን እሱ ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ ጨረሰው።

ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። "ሁሉም ሰው" እያልኩ ስንት ጽሑፍ ጀምሬያለሁ! ሁሉም ሰው ይሰለፋል፣ ሁሉም ሰው ያጎበድዳል፣ ሁሉም ሰው ቁልፍ ይወዳል። አንድም ጊዜ ራሴን ቆጥሬ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ግን ቆጠረኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሰነዷን አስገባች። መዝጋቢው ገጾቹን እያገላበጠ "ሁሌ በመጨረሻው ሰዓት ነው የምትመጡት" አላት። እሷም "አስተዳዳሪው መስክ ነበር" አለችው። ራሱን ነቅንቆ ተቀበላት፤ የሚያውቀው ነገር ነው።

ቅዳሜ ደረስኩ። ኮምፒውተሩን ስከፍት የይለፍ ቃሌ አልሠራም። አስተዳዳሪዋ ከወጥ ቤት ሆና አዲሱን ነገረችኝ፤ የእኔ አካውንት አሁን ተራ ተጠቃሚ ነው። ፎልደሩ ውስጥ የዝውውር ማመልከቻዋን አገኘሁት። "የዝውውሩ ምክንያት" በሚለው ሥር "ባለቤቴ እዚያ ብቻውን ስለሆነ" ብላለች። ሌላ ምንም የለም። እጄ ለምዶበት "ብቻውን" የሚለውን ላቀና ሞከርኩ፤ "ከትዳር አጋሬ ጋር በአንድነት ለመኖር" ምናምን ብዬ። ሳስቀምጠው እምቢ አለ። ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ። ደግሜ አነበብኩት።

ዝውውሩ ተፈቀደ። ዕቃችንን በጭነት መኪና ልከን እኛ በአውቶቡስ ተሳፈርን። ሳጥኑን ግን ለጭነት አልሰጠችም፤ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ሄደች። ገዋኔ ላይ ወርደን ውሃ ስንገዛ እንኳ ይዛው ወረደች። "ደክሞሻል፤ ልያዝልሽ" አልኳት።

ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ገመዶቹ ያሉበትን ፌስታል ሰጠችኝ።