የአጎት ቶአይ ሁለተኛ አባት

አጎት ቶአይ ሁለት አባት ነበሩት። አንደኛው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ሁለተኛው ዓሣ ነባሪ።

በመንደራችን ልማድ፣ ባሕር የተፋውን የሞተ ዓሣ ነባሪ መጀመሪያ ያየ ሰው የበኩር ልጁ ይሆናል። ቶአይ በሃያ ሁለት ዓመቱ አንዱን አየና ነጭ ሻሽ ጠምጥሞ ሦስት ዓመት ሐዘን ተቀመጠ። ሚስቱ ጋም እስከ ዛሬ፣ "አይቼው የማላውቅ አማት ሠርጌን ሦስት ዓመት አስጠበቀኝ" ትላለች። ሐዘኑ ሲያበቃ አጥንቱን ከተቀበረበት አውጥቶ በሩዝ አረቄ አጠበና ባሕር ዳር ባለችው ትንሽ መቅደስ አኖረው። ከዚያ ወዲህ ሳይሳለመው ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

የኑክሌር ኃይል ማመንጫው እቅድ ሲመጣ የልማት ተነሺ ሆንን። ዋና ከተማው ሃኖይ ያሉት ሹማምንት ትነሣላችሁ አሉን፤ ቀርቷል አሉን፤ ደግሞ ትነሣላችሁ አሉን። እስከዚያው ቤት ማደስ ስለተከለከለ የቶአይ ጣሪያ አሥራ አራት ዓመት በጀልባ ሸራ ተሸፍኖ ኖረ። አላማረረም። "አገር መብራት ያስፈልጋታል" ይል ነበር። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቱ ማመንጫው አጥር ውስጥ ብቻውን እንዳይቀር።

ንብረት ልትመዘግብ የመጣችው ሃን የምትባል ወጣት ቅጹን እያነበበች ድንገት ቆም አለች።

"አጎቴ፣ 'የሚዛወር የቤተሰብ አጽም' የሚለው ላይ ሁለት አባት ጽፈዋል።"

"አዎ ልጄ።"

"የሁለተኛው ቁመት... አሥራ አንድ ሜትር?"

"ሲሞት ነው እንግዲህ። በጎልማሳነቱ አላውቀውም።"

ጋም ከጓዳ ሆና፣ "ልጁን አይተሽ እንዳትፈርጂ! ቁመቱን አላወረሰውም!" አለች።

ሃን ሳቀች። ቶአይ አልሳቀም።

"መቅደሱን እኮ ከሕንፃ ጋር መዝግበነዋል፤ ፈርሶ ካሳ ይከፈልበታል" አለችው።

"አባት ካሳ የለውም። እሱ ካልመጣ እኔም አልፈርምም።"

ሃን እስክሪብቶዋን ነክሳ ትንሽ አሰበች። "አጽም ሆኖ እንዲመዘገብ የእሱ ልጅ መሆንዎን የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል።"

ቶአይ አንገቱን ደፋ። በዚያ ሐዘን አብረውት የነበሩት ሽማግሌዎች ሁሉ አልፈዋል። ጋም ግን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

"ወዲህ በይው እስክሪብቶውን። ሦስት ዓመት የጠበቅሁት ለማን ሐዘን መስሎሽ ነው?"

ፈረመች። ከእሷ ቀጥሎ ቶአይ ፈረመ።

በተነሣን ቀን አጥንቱ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተጫነ። ጋም ነጩን ሻሽ ባሏ ራስ ላይ ራሷ ጠመጠመችለት።

"ሂድ አንተ፣ ፊት ፊት ምራ" አለችው። "ዛሬ ግን ሦስት ዓመት እንዳታስጠብቀኝ።"